ስለ ቤት ወጪ አያያዝ፤ ለላምበረት ነዋሪ የተጻፈ መመሪያ

ብዙ ሰው ኑሮን የሚያከብደው የገቢ ማነስ ብቻ እንደ ሆነ ያስባል፤ ነገር ግን ከላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ባሉት መንደሮችና ወደ ኮተቤ በሚወስደው ጎዳና ግራና ቀኝ በወር ደመወዝ ወይም በቀን ምንዳ የሚተዳደረውን ቤተ ሰብ አኗኗር በጥሞና የተመለከተ ሰው፣ ጥቂት ገንዘብ ያለው ብዙ ካለው ይልቅ ለአንዱ ዕቃ አብልጦ የሚከፍል መሆኑን ሳይረዳ አይቀርም። ባለጸጋው ዘይቱን በባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ጤፉን በኩንታል፣ ከሰሉን በጆንያ ሲያስገባ፣ እጅ ያጠረው ግን ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ፣ በርበሬውን በማንኪያ፣ ከሰሉን በላስቲክ ቋጠሮ በየማምሻው ይገዛል፤ ባለ ሱቁም የቤት ኪራዩን፣ ግብሩንና የልፋቱን ዋጋ የሚያወጣው ከዚያችው ቋጠሮ ስለ ሆነ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ቤተ ሰብ በዓመት ውስጥ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ የሚያህል ገንዘብ ሳያውቀው በችርቻሮ ያፈሳል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ይህን አትብሉ ያንንም አትልበሱ የሚል አይደለም፤ እንዲህ ያለው ምክር ድሮም ለማይበላው ሰው የሚሰጥ ምክር ነውና። ዓላማው ቤተ ሰቡን ከዕለት ሸመታ ወደ ወር፣ ከወርም ወደ ዓመት ሸመታ በየጥቂቱ የሚያሻግረውን መንገድ ማመልከት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ በአንድ ቦታ የሚረጋ ስላልሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የገበያ ዋጋ አልጠቅስም፤ ዛሬ የተጻፈው ዋጋ ለከርሞ አንባቢ ተረት ይሆንበታልና።

መዝገብ

ማናቸውንም ወጪ ከመቀነስዎ በፊት ወጪው ምንና ስንት እንደ ሆነ ማወቅ ይገባዎታል። በወንጌል ግንብ ሊሠራ የወደደው ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር የተመከረው ምክር ለታላላቅ ሕንፃ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሽሮ ለሚንተከተክበት ማድቤትም ይሠራል። አንድ የተማሪ ደብተር ይግዙ፤ በየማታው እራት ከተነሣ በኋላ ገበያ የወጣው ሰው ራሱ እየተናገረ፣ ከልጆቹ ጽሕፈቱ የሚነበበው እየጻፈ፣ የዕለቱ ወጪ ከነመጠኑ ይመዝገብ። ከነመጠኑ ማለቴ ስለ ሁለት ነገር ነው፤ «ሽንኩርት» ብሎ ብሩን ብቻ መጻፍ ግማሽ ኪሎ ይሁን ሁለት ኪሎ ስለማይናገር ኋላ ዋጋ ለማስተያየት አይረዳም፤ ደግሞም የቤቱን የወር ፍጆታ የሚያውቁት ከመጠኑ እንጂ ከብሩ አይደለም። በቴሌብር ወይም በባንክ የከፈሉትን ስልክዎ ያስታውስዎታል፤ ተንኖ የሚጠፋው ለታክሲ፣ ለሻይ፣ ለሞባይል ካርድና ለልጅ ብስኩት ከእጅ ወደ እጅ የሚወጣው ዝርዝር ብር ነው።

በዚህ በመጀመሪያው ወር ምንም ነገር አይቀንሱ፤ ማንንም አይውቀሱ። አባወራው በየሳምንቱ መጨረሻ የሚጠጣት ድራፍት ወይም እመቤቲቱ ለጸጉሯ የምታወጣው ገንዘብ በመጀመሪያው ሳምንት የክርክር ምክንያት ከሆነ፣ በሁለተኛው ሳምንት ከመዝገቡ ትሰወራለች እንጂ ከወጪው አትቀርም፤ ያን ጊዜ ደብተሩ የክስ ፋይል ሆኖ ይቀራል። ወሩ ሲፈጸም ግን ደብተሩን ከመጀመሪያ ገጹ ጀምረው በቀይ እስክሪብቶ ይከተሉትና በአንድ ወር ውስጥ ከዐሥር ጊዜ በላይ የተገዛውን ዕቃ ሁሉ ያስምሩበት። በብዙ ቤት የሚሰመርባቸው ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ከሰል፣ ስኳር፣ ቡናና ከሱቅ በቍጥር የሚገዛ እንጀራ ናቸው። ከዐሥር ጊዜ በላይ የተገዛ ዕቃ ማለት ዐሥር ጊዜ የችርቻሮ ትርፍ የተከፈለበት ዕቃ ማለት ስለ ሆነ፣ ሥራዎ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ጥሪት

ጥያቄው ግልጽ ነው፤ በጅምላ ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ለዚህ ጥያቄ አባቶቻችን የተዉልን መልስ ዕቁብ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ወለድ የማይጠይቅ አበዳሪም በላምበረት አላየሁም። ነገር ግን ዕቁብ ለሁሉ አንድ ስላልሆነ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ዳኛውና ጸሐፊው በሥራቸውና በመኖሪያቸው የሚያውቋቸው ሰዎች መሆናቸውን፣ ዕጣ የወጣለትም ሰው ዋስ ጠርቶ እንጂ ባዶ እጁን ብሩን የማይወስድ መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለተኛ፣ የመዋጮው ቀን ከደመወዝዎ ቀን በማግሥቱ እንጂ በወሩ አጋማሽ አይሁን፤ በወር አጋማሽ የሚከፈል ዕቁብ ከሱቅ ብድር የሚከፈል ነው። ሦስተኛ፣ መዋጮው ደብተርዎ ከሚፈቅደው አይብለጥ፤ ጎረቤት ስለ ገባ የተገባ ትልቅ ዕቁብ ብዙ ቤት አናግቷል። ዕጣው በጥር አካባቢ ቢወጣልዎ መልካም ነው፤ ባይወጣልዎ ግን በጥር የደረሰውን ሰው ዕጣ እንለዋወጥ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች ያገኙታል።

ዕቁብ መግባት የማይችል ሰው ደግሞ ከቀይዋ መስመር አንዲት ዕቃ ብቻ መርጦ ይጀምር፤ እኔ ሽንኩርትን እመርጣለሁ። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በዚሁ በደሴ መንገድ ስለ ሆነ በኛ በኩል ብዙ ጊዜ ከጭነት መኪና ላይ ወይም በእሁድ ገበያ በአምስት ኪሎና በዐሥር ኪሎ ይገኛል። ደረቁንና አንገቱ የቀጠነውን ለይተው ይግዙ፤ እርጥቡ ከሳምንት በላይ አይቆይም። ከላስቲክ አውጥተው ጥላ ባለበት በሰሌን ላይ ይበትኑት። በግማሽ ኪሎ ቢገዙት ይወጣ በነበረውና አሁን ባወጡት መካከል ያለውን ልዩነት ሳያመነቱ በቆርቆሮ ጣሳ ያኑሩት፤ ይህ ልዩነት ተጠራቅሞ የአምስት ሊትር ዘይት መግዣ ሲሆን ዘይቱን፣ የዘይቱም ልዩነት ሲጠራቀም ከሰሉን ይግዙበት። ልዩነቱ በጣሳ ካልገባ ግን በርካሽ መግዛትዎ ምንም አልፈየደም፤ ብሩ በሌላ በኩል ይወጣልና።

የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቆችም በየወረዳው አሉ፤ ስኳርና ዘይት፣ አንዳንድ ጊዜም ጤፍ፣ ከግል ሱቅ ባነሰ ዋጋ ያቀርባሉ። ዕቃው በመጣ ዕለት የሚያልቅ ስለ ሆነ ግን ቀኑን ከጎረቤት ጋር እየተቀባበሉ መጠበቅ የግድ ነው።

እህል

ዮሴፍ በግብፅ ምድር በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የምርቱን አምስተኛ እጅ አከማችቶ በሰባቱ የረኃብ ዓመታት አገሩን እንደ መገበ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። በኛ አገር ጥጋብና ችጋር ሰባት ሰባት ዓመት አይጠብቁም፤ በየዓመቱ ጥርና ነሐሴ ሆነው ይመላለሳሉ። ጤፍ ታጭዶ ተወቅቶ ገበያ የሚወጣው ከታኅሣሥ ጀምሮ ሲሆን፣ ገበሬው ለዕዳውና ለሠርጉ ብር በሚሻበት በጥርና በየካቲት ዋጋው ይለዝባል፤ ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲጎድልና መንገዱ ሲጨቀይ ይንራል። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም በጥር እጁ ላይ ብር ያለው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ነው። የዕቁቡን ዕጣ ወደ ጥር ያዙሩ ማለቴ ስለዚህ ነበር።

እግዚአብሔር ለጤፍ ከሌላው እህል የለየ አንድ ጸጋ ሰጥቶታል፤ ነቀዝ አይደፍረውም። ባቄላና ሽምብራ፣ በቆሎና ማሽላ በጥቂት ወራት ውስጥ በነቀዝ ሲቦረቦሩ፣ ጤፍ እርጥበት ካልነካው ዓመትም ከዚያም በላይ ሳይበላሽ ይቀመጣል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ በብዛት ሊገዛ የሚገባው ሌላው ሁሉ ሳይሆን ጤፍ ነው፤ እርሱም በእህልነቱ እንጂ በዱቄትነቱ አይደለም። ለብቻ ኩንታሉን መግዛት የማይቻል ከሆነ ሦስት ጎረቤቶች አንድ ላይ ገዝተው በሚዛን ይካፈሉት። ሲገዙ እፍኝ ያህሉን በነጭ ወረቀት ላይ በትነው አሸዋና እንክርዳድ እንደሌለበት ይዩ፤ ጥቂቱንም ከጥርስዎ ያድርጉት፤ አሸዋ ያለበት ጤፍ በጥርስ ይታወቃል። ጆንያውን ከወለል ከፍ አድርገው በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳውም ጥቂት አርቀው ያስቀምጡት፤ የየካ ተራራ ግርጌ በክረምት እርጥበቱ ከባድ ነው። መርካቶ እህል በረንዳ ድረስ ወርደው የሚገዙ ከሆነ የመኪናውንና የወዛደሩን ዋጋ አስቀድመው ይደምሩ፤ ለአንድ ኩንታል ሲባል የተደረገ ጉዞ ትርፉን መንገድ ላይ ሊያስቀረው ይችላል፤ ለሦስት ኩንታል ከሆነ ግን ያዋጣል።

ስለ ጤፍ ዓይነት ብዙ መናገር አልሻም፤ ማኛ ለእንግዳ ዓይን ያምራል፤ ሠርገኛውና ቀዩ ግን በዋጋ ዝቅ ብለው ልጆችን ከማኛው እኩል ያሳድጋሉ። ከአራት እጅ አንዱን እጅ ማሽላ ወይም ገብስ ቀላቅሎ ማስፈጨትም የቆየ ልማድ ነው፤ ማሽላ የበዛበት እንጀራ ግን በማግሥቱ ይደርቃልና የቤትዎን ልክ በትንሹ ሞክረው ይወስኑ። ወፍጮ ቤት ሲሄዱ እህሉን በቤትዎ አበጥረውና መዝነው ይሂዱ፤ ከወፍጮው አጠገብ ቆመው ያስፈጩ፤ ዱቄቱንም እንደ ገና ያስመዝኑ። ከእርስዎ በፊት በቆሎ ያስፈጨ ሰው ካለ የመጀመሪያው ዱቄት የርሱ ተረፈ ዱቄት የተቀላቀለበት ስለሚሆን፣ ተራዎን ከሌላ ጤፍ አስፈጪ ቀጥለው ቢይዙ ይሻላል።

ሽሮና በርበሬን በሚመለከት አጭር ምክር እሰጣለሁ፤ በሱቅ ማንኪያ የሚገዛ በርበሬ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ተቀላቀለበት አለመታወቁ ያስፈራል። ዛላ በርበሬ በበጋው መጀመሪያ ርካሽ በሚሆንበት ወቅት፣ ከሁለት ከሦስት ቤት እመቤቶች ጋር ተባብሮ አንድ ላይ መቀንጠስ፣ ማስጣትና ማስፈጨት ገንዘብንም ድካምንም ያቀላል። ለሽሮ የሚሆነውን አተርና ባቄላ፣ በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ ወይም በተጉለት ዘመድ ያለው ሰው ዘመዱ በላምበረት መናኸሪያ ሲወርድ ይዞለት እንዲመጣ አስቀድሞ ይላክበት፤ በባዶ እጁ ከሚመጣ እንግዳም ባቄላ ይዞ የመጣ እንግዳ ለቤቱም ለእንግዳውም ክብር ነው። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ይህን ልብ ይበሉ፤ ዋጋው ከሌላው እጅግ የረከሰ ሽሮ ጓያ ሊኖርበት ይችላል። ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ደግሞም የተመታ እግር አይመለስም። በዚህ ነገር ላይ የሚቆጠብ ብር የለም።

ምጣድና ማገዶ

የኤሌክትሪክ ምጣድ በቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ይልቅ ቆጣሪውን የሚያሽከረክር ነው፤ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ ይህም የ10 ዋት አምፖል 350 በአንድ ጊዜ ማብራት ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ በእርከን የተከፋፈለ ስለ ሆነና ዝቅተኛው እርከን በ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚያበቃ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግር ቤት በወር 8 ጊዜ ሲጋግር በምጣዱ ብቻ 56 ኪሎ ዋት ሰዓት አድርሶ ርካሹን እርከን ያልፈዋል። አምፖል በማጥፋት ልጆችን ከሚያስጨንቁ ይልቅ የምጣዱን ሥርዐት ያስተካክሉ።

ሥርዐቱም እንዲህ ነው። ምጣድ ኃይልን የሚፈጀው በመጋገሩ ብቻ ሳይሆን በመጋሉም ጭምር ስለ ሆነ፣ ሁለት ጊዜ ከማጋል አንድ ጊዜ አግሎ ብዙ መጋገር ይበልጣል። በኛ የአየር ጠባይ በደንብ የቦካ እንጀራ በመሶብ አራት ቀን ያህል ይቆያል፤ ስለዚህ የመጋገሪያው ቀን በአራት ቀን አንዴ ይሁን። ሊጡ አብሲት ተጥሎለት ኩፍ ሳይል ምጣዱን አይሰኩ፤ ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ አክንባሎውና የጎመን ዘሩ ሁሉ በእጅዎ አጠገብ ይሁኑ። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ በምጣዱ የቀረው ግለት ይበቃቸዋል። ከዚያም በኋላ ምጣዱ ገና ትኩስ ስለ ሆነ የቆሎ ገብስ ወይም ለነገ የሚወቀጥ ተልባ ይታመስበታል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የመንደራችን ልማድ ነው። በአንድ ግቢ አራት አምስት ተከራይ በሚኖርበት በላምበረት ቤት አንዲቱ ጋግራ ስትጨርስ፣ «እትዬ፣ ምጣዱ እንደ ጋለ ነው፤ ሊጥዎን ያምጡ» ብላ ከበር ትጠራለች፤ እትዬም ቡሃቃቸውን አቅፈው ይመጣሉ፤ ምጣዱም ለሁለት ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ይግላል። ጠብ እንዳይነሣ የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው፤ እያንዳንዳቸው ሲጀምሩና ሲጨርሱ የቆጣሪውን ቍጥር በግድግዳ ላይ በጠመኔ ይጻፉ። ምጣዱ ከአንዲቱ ቆጣሪ ላይ ስለሚሠራ የከፈለችው ሒሳብ በወሩ መጨረሻ በቍጥሩ ልክ ይመለስላታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ተደምሮ ወደ ላይኛው እርከን ስለሚወጣ፣ ሁሉም ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት አብልጦ ይከፍላል፤ ስለዚህ የየራስ ቆጣሪ ማስገባት የሚቻልበት ግቢ ወጪው የአንድ ጊዜ ሲሆን ጥቅሙ የዘወትር ነው።

ከአራት ቀን ያለፈ እንጀራ ሻግቶ አይጣል፤ ሳይሻግት በሦስተኛው ቀን ማምሻ ላይ በእጅ ተቆራርሶ በፀሐይ ይሰጣና ድርቆሽ ይሁን። ድርቆሽ ከተዘጋጀ ቤት ውስጥ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከሱቅ ብስኩት አይገዛም።

ስለ ከሰል ከሆነ፣ «ላቀች» የተባለውን ከሸክላና ከቆርቆሮ የተሠራ ምድጃ ይግዙ፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ከእንጦጦና ከኮተቤ ኮረብታ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ ተብሎ የመጣው ይህ ዛፍ ለዚህች ከተማ ምን ያህል ውለታ እንደ ዋለና በስንት እናቶች ጫንቃ ላይ እንደ ዋለ ይረዳል፤ ጭራሮ ከእነርሱ የሚገዛ ቢኖር ዋጋ አያስቀንስ፤ ቁጠባ ከዚህ አይጀመርም። በክረምት ግን ሙቀት ለማግኘት ብሎ የነደደ ከሰል ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ሞትን ወደ ቤት ማስገባት ነው፤ ጭሱ የማይታይ በመሆኑ ብዙ ቤተ ሰብ በእንቅልፍ ቀርቷል።

በድስት በኩል አንዲት ምክር ብቻ ትበቃለች። ሽንኩርትን ከዘይት ጋር አይጀምሩ፤ በደረቅ ድስት ላይ በዝግታ እያማሰሉ፣ ሲይዝ ጠብታ ውሃ ጣል እያደረጉ ያቁላሉት፤ ውሃውን ጨርሶ ቀለሙ ሲለወጥ ብቻ ዘይቱን ይጨምሩ። እንዲህ የተቁላላ ወጥ በግማሽ ዘይት ከሙሉው የማይተናነስ ጣዕም ይሰጣል፤ ይህም የእናቶቻችን ሥራ እንጂ የእኔ ግኝት አይደለም።

ጾምና በዓል፣ ደግሞም ጳጉሜን

ለክርስቲያን ቤተ ሰብ የወጪው ካላንደር አስቀድሞ ተጽፎ ተሰጥቷል። ረቡዕና ዐርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ጾመ ፍልሰታ ሲደመሩ፣ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል ወደ ማድቤት የማይገቡበት ዘመን የዓመቱን እኩሌታ ያህል ይሆናል። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት ጾም ወጪን አይቀንስም፤ የጾም ነው እየተባለ ዓሣው፣ የጾም ኬኩና ለውዝ ቅቤው ይበዛል፤ በረመዳን ወራትም የኢፍጣር ማዕድ እንዲሁ ከጾሙ መንፈስ ሲያልፍ አይቻለሁ። የተከለከሉትን ነገር ዋጋ ካላስቀመጡት ጾሙ ለነፍስ እንጂ ለቤት አልጠቀመም። ስለዚህ ጾሙ ሲገባ፣ በፍስክ ጊዜ በሳምንት ለሥጋና ለዕንቁላል ያወጡትን ከደብተርዎ ይመልከቱና ያንኑ ያህል በየሳምንቱ ለበዓሉ ጣሳ ይክፈሉ። ቅቤም በዐቢይ ጾም አጋማሽ ፈላጊው ሲያንስ ገዝተው ያንጥሩት፤ የሆሳዕና ሳምንት ሲደርስ ዋጋው እንደ ገና ይነሣል። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ግን ጾም የለባቸውምና ዕንቁላላቸውን አይቀንሱባቸው።

ለበዓል ሥጋ ከሥጋ ቤት በኪሎ ከመግዛት ቅርጫ ይግቡ፤ በሬውን ከካራ ወይም ከሾላ ገበያ የሚመርጠው ሰው ከብት የሚያውቅና ሐቀኛ ይሁን፤ የደላላውም ድርሻ በአባላቱ ፊት አስቀድሞ ይነገር። በዓሉ ሲቃረብ ዋጋው በየቀኑ ስለሚጨምር ግዢው ቢያንስ በሳምንት ይቅደም፤ የግቢው ስፋት የሚፈቅድ ከሆነ ሣር መግዛቱ ከዋጋው ጭማሪ ያነሰ ነው።

አሁን ስለ ጳጉሜን ልናገር፤ ይህን ነገር በየዓመቱ እያየን በየዓመቱ እንረሳዋለን። ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈላል፤ ዓመቱ ግን 13 ወር ነው። ስለዚህ የነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ቀን፣ በየአራት ዓመቱም 36 ቀን መቆየት ይኖርበታል፤ በነዚያም ቀናት ውስጥ የዘመን መለወጫ በግ ወይም ዶሮ፣ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ፣ የትምህርት ቤት መመዝገቢያና መስከረም 17 ቀን የመስቀል በዓል ተደራርበው ይመጣሉ፤ እህሉም በዓመቱ እጅግ የተወደደበት ጊዜ ነው። በሰፈራችን ለብድር የሚወጣ ሰው በብዛት የሚወጣው በዚህ ወቅት ሲሆን፣ ብድሩንም ሲከፍል ጥር ይደርስበታል፤ የጤፉንም ርካሽ ወቅት በዕዳ ያሳልፈዋል። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ነሐሴ ባሉት 11 ወራት ከየደመወዝዎ የግማሽ ቀን ወጪ ያህል ብቻ ለጳጉሜን በጣሳ ቢለዩ፣ አምስቱ ቀን ከነትርፉ ይሸፈናል። ይህ ጣሳ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ የሚታሸግ ይሁን።

ቤትና መንገድ

ኪራይ ከወጪ ሁሉ የሚበልጥ ቢሆንም በተከራዩ እጅ ያለው ሥልጣን ጥቂት ነው፤ ያለውን ጥቂት ሥልጣን ግን ይወቀው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራዩ በቅድሚያ የሚቀበለውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። በቃል ብቻ የተከራየ ሰው ይህን ጥበቃ ሊጠይቅበት የሚችል ወረቀት የለውምና፣ ከአከራዩ ጋር በፍቅር እያሉ ውሉን ማስመዝገብ ይሻላል።

ለመንገድ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች ሲሄድ በጉርድ ሾላና በመገናኛ ያልፋል፤ ከላምበረት በእግር ወርዶ መሳፈር ለሚችል ሰው ከታክሲ ቅብብል ይረክሳል፤ መገናኛ ድረስም ጥሩ እግር ላለው ሰው አንድ ሰዓት የማይሞላ ጉዞ ነው። ርካሽ ቤት ፍለጋ ወደ ሩቅ ሰፈር ከመሄድዎ በፊት ግን የሁለት ሠራተኞችንና የሁለት ተማሪዎችን የታክሲ ወጪ በ26 ቀን አባዝተው ከኪራዩ ልዩነት ጋር ያስተያዩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤትም የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ጎማ ዛሬውኑ ያስቀይሩ፤ በክረምት ከጣራ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል ይያዙ፤ ለልብስና ለመጸዳጃ ቤት ይበቃል። በግቢው ጥግ ወይም በአሮጌ ጆንያ የተተከለ ጎመን በኛ ደጋ አየር በደንብ ይይዛል፤ ከሥር ያለውን ቅጠል ብቻ እየቀነጠሱ ጫፉን ከተዉለት ለብዙ ወራት ይቀነጠሳል።

የማይቀነሰው

ወጪ መቀነስ የጀመረ ሰው መቀስ እንደ ጨበጠ ልጅ ያገኘውን ሁሉ መቁረጥ ስለሚያምረው፣ የማይነካውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልገዋል። የዕድር መዋጮ አይቋረጥም፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ቀባሪውን በገንዘብ እገዛለሁ ያለ ሰው የዓመታት መዋጮውን በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። ቡናውም አይቅር፤ ነገር ግን በየቤቱ በየቀኑ ከሚፈላ አንድ ቀን በአንዷ፣ በማግሥቱ በሌላይቱ፣ በሦስተኛውም ቀን በሦስተኛይቱ ቤት ተራ ቢገባ፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም ሳይጎድል የቡናውና የስኳሩ ወጪ ለሦስት ይከፈላል። ሳሙና፣ የልጅ ዕንቁላልና ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ከደብተሩ ላይ በቀይ አይሰመርባቸውም።

ደመወዝ የማይከፈለው፣ በንግድ ወይም በቀን ሥራ የሚተዳደር ቤተ ሰብ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ይሁን፤ መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን ቤተ ሰቡን ሁሉ ያሳክማል፤ ዓመቱን ሙሉ በየጣሳው የተጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ሌሊት የሚወስደው ሕመም ነውና። ምዝገባውና እድሳቱ በየወረዳው በተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሚካሄድ፣ ቀኑ ሳያልፍብዎ ወደ ወረዳዎ ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ።